ብረቱ እስኪበርድ

የጡረታ ርክክቤ ግማሽ ቀን ፈጀ። የንብረት ክፍል ሠራተኛዋ ሞዴሏን ዘርግታ ከቶርኖው ማሽን ጀምራ እስከ መጨረሻዋ ሞረድ ድረስ እየቆጠረች ምልክት አደረገች። ማይክሮሜትሩ አለ። ሞርሳው አለ። መፍቻዎቹ ከሁለቱ በቀር አሉ፤ ሁለቱን ማን እንደወሰዳቸው እኔም አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች፣ ግን አላነሳነውም። መጨረሻ ላይ ከቶርኖው ጀርባ ግድግዳ ተደግፎ የቆመ የእንጨት ዘንግ አየችና ወረቀቷን ከላይ እስከ ታች ፈተሸች።

«ይሄስ ምንድነው ጋሽ ደምሴ? ዝርዝሩ ውስጥ የለም።»

«የሰው ነው» አልኳት።

«የማን?»

«የሰው ነው አልኩሽ እኮ።»

የጡረተኛ ጠባይ ነው ብላ መሰለኝ አልጨቀጨቀችኝም። ፈርሜ፣ አስፈርሜ፣ ዘንጉን ይዤ ወጣሁ። ባጃጅ ውስጥ ስገባ ጫፉ በጎን ወጥቶ ስለነበር ሹፌሩ እየሳቀ «ጋሼ፣ ባሮ ወርደህ ዓሣ ልትወጋ ነው?» አለኝ። እኔም ሳቅሁ። ቤቴ ስደርስ ግን ዘንጉን አልጋዬ አጠገብ አቁሜ ብዙ አየሁት። ከወገቤ ትንሽ ከፍ ይላል። አንዱ ጫፉ በዘይትና በግራሶ ጠቁሯል። ሌላው ጫፉ ከሰው ጆሮ ጋር በመተሻሸት ብዛት ለስልሷል። መጀመሪያ ያለሰለሰው ሞያውን ያስተማረኝ ጋሽ ኡጁሉ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው የእኔ ነው። አርባ ዓመት ሊሞላ ትንሽ የቀረው የሥራ ዘመኔ ብዙ ነገር ነበረበት፤ ዕድገት፣ ዝውውር፣ ከአለቃ ጋር መኳረፍ። ከዚያ ሁሉ ውስጥ ሌሊት ተነስቼ የማስበው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ከዚህ ዘንግ ጋር የተያያዘ ነው።

ቶርኖ ቤት የገባሁት ፈልጌ አይደለም። አባቴ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ አስተማሪ ነበር፤ ሁለት ዓመት አስተምሬ እመለሳለሁ ብሎ ጋምቤላ ላይ ዕድሜ ልኩን ቀረ። አንድ ወንድ ልጁ ከረባት አስሮ ቢሮ ሲገባ ማየት ይመኝ ነበር። እኔ ደግሞ ፈተናውን ወደቅሁ። ሦስት ቀን አላናገረኝም። በአራተኛው ቀን ደብዳቤ አጽፎ፣ እጄን ይዞ፣ ለአካባቢው ትራክተሮችና የውሃ ፓምፖች መለዋወጫ ወደሚሠራው ወርክሾፕ ወሰደኝ። ኃላፊው ደብዳቤውን አንብቦ በመስኮት «ኡጁሉ!» ብሎ ተጣራ።

የመጣው ሰው ረጅምና ቀጭን፣ ቱታው በዘይት የደረቀ አኙዋክ ነበር። አባቴን ሰላም አለውና ወደ እኔ ዞረ።

«እጅህን አምጣ።»

ዘረጋሁለት። ገለባበጠው። ከዚያ አባቴን አየና «ይኼ እጅ ብዕር ብቻ ነው የሚያውቅ» አለው። «አንተ ነህ ያበላሸኸው። እኔ አስተካክላለሁ።»

በጋሽ ኡጁሉ አማርኛ ውስጥ አንቱታ የሚባል ነገር የለም። ኃላፊውንም፣ አባቴንም፣ ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳንም «አንተ» ነው የሚለው። ቅር የተሰኘ ሰው አላየሁም። አባቴ እንኳ፣ ተማሪ «አንተ» ቢለው ጆሮ ቆንጥጦ የሚያስወጣው ሰው፣ የዚያን ዕለት አንገቱን አቀርቅሮ «እንግዲህ አደራ» ብሎ ሄደ።

ስድስት ወር ሙሉ ቶርኖውን በሩቅ ከማየት በቀር አልነካሁትም። አንድ የብረት ጉማጅ ሞርሳ ላይ አስሮ ሞረድ ሰጠኝና «ሜዳ አድርገው» አለኝ። ለሁለት ሳምንት ሞረድሁ። ሜዳ የሆነ ሲመስለኝ አነሳውና ወደ ብርሃን አድርጎ የብረት ማስመሪያ ጫፍ አስደገፈበት። መሐሉ ላይ ብርሃን ያልፋል። መልሶ አሰረው። እንዲህ እያልን ያ ጉማጅ ከክብሪት ቀፎ ቀጠነ። መዳፌ ላይ ውሃ የቋጠረው ሁሉ ፈርጦ ሲደርቅ፣ ማስመሪያው ሥር ብርሃን ማለፉን አቆመ። የዚያን ቀን ከምሳ ዕቃው ዓሣ አካፈለኝ።

ከዚያ በኋላ ስለት መሳል አስተማረኝ፤ ከዚያም ቶርኖ። ቶርኖ ብረቱን እያሽከረከረ በስለት የሚልጥ ማሽን ነው። ከውጭ ለሚያይ ሰው ቀላል ይመስላል። ጋሽ ኡጁሉ ማሽኑ ሲሠራ ስለቱን ሳይሆን የሚወጣውን ልጣጭ ነበር የሚያየው። ልጣጩ ሰማያዊ ሲሆን «አቃጠልከው፣ ቀስ» ይለኛል። ተሰባብሮ ሲወጣ «ስለትህ ዶልዱሟል» ይለኛል። ጥሩ ሲሆን ዝም ይላል። ዝምታውን ለመስማት ስል ከሥራ ሰዓት ቀድሜ እገባ ነበር።

ጠበቅ ያለ ሕጉ ግን አንድ ነበር፤ ሙቅ ብረት አይለካም። ጋምቤላን በየካቲትና በመጋቢት ያላየ ሰው ይኼ ምኑ ሕግ ነው ሊል ይችላል። በእኛ ወርክሾፕ ቆርቆሮ ሥር፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ጥላ ውስጥ የዋለ ብረት እንኳ በባዶ እጅ አይያዝም። እሱ ላይ ደግሞ ስለቱ የሚጨምረው ሙቀት አለ። ብረት ሲሞቅ ያብጣል። ያበጠውን ለክተህ ልክ ነው ብለህ ብታቆም፣ ሲበርድ አንሶ ታገኘዋለህ። ጋሽ ኡጁሉ ይኼን የተማረው ከመጽሐፍ ይሁን ከስህተት አላውቅም። «ሙቅ ብረት ይዋሻል» ብቻ ነበር የሚለኝ። «ለካኸው፣ ዋሸህ። ተወው።»

ከቶርኖው አጠገብ ሚስቱ የሠራችው ትልቅ የሸክላ እንስራ ነበር። በየዓመቱ አዲስ ትሠራለታለች። የተላጠውን ሻፍት፣ ማሽን ውስጥ የሚሽከረከረውን ድቡልቡል ብረት፣ በእንስራው ውሃ በተነከረ ጆንያ ይጠቀልለዋል፤ መለኪያውን፣ ማይክሮሜትሩንም፣ አብሮ ጥላ ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ «እሱም ይሞቃል» ብሎ። ከዚያ ግቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር እንቀመጣለን። ሌሎቹ ሠራተኞች «ኡጁሉ ብረት አስተኛ» እያሉ ይስቁብናል። ትምህርቱ ግን እዚያ ነበር። አፈር ላይ በጣቴ የሻፍቱን ሥዕል ያስስለኛል። «ይኼ የት ይገባል? ማን ይሸከመዋል? ማን አጠገቡ ይቆማል?» ይለኛል። የመጨረሻው ጥያቄ ያን ጊዜ አይገባኝም ነበር። ሻፍት አጠገብ ማንም ቢቆም ለቶርኖ ሠራተኛ ምን ያገባዋል እል ነበር።

ሌላው ልማዱ ደግሞ ከሥራው ጋር አብሮ መሄድ ነው። የሠራነው ዕቃ ወርክሾፕ ውስጥ አያልቅም ለእሱ። ከትራክተሩ፣ ከፓምፑ፣ ከወፍጮው ጋር ተገጥሞ እስኪሽከረከር ድረስ ይከተለዋል። ሲነሳ ያንን ዘንግ ያወጣል። አንዱን ጫፍ ሻፍቱን የሚሸከመው ኩሽኔታ ቤት ላይ ያሳርፋል፣ ሌላውን ጫፍ ጆሮው ሥር ካለው አጥንት ጋር ያገናኛል፣ ዓይኑን ይጨፍናል። ባለቤቱም፣ እኔም፣ ወረፋ የያዘውም ሰው ዝም ብለን እሱን እናያለን። ደህና ከሆነ «ደህና ነው» ይላል፤ አንድ ጊዜ ብቻ። ካልሆነ ማሽኑን በእጁ ምልክት ያስቆማል። እኔ አብሬው በሠራሁበት ጊዜ ደህና ነው ያለው ከአንድ ጊዜ በቀር ተመልሶ የመጣበት አላየሁም። በከተማው ደህና ነው ማለቱ ከማንም ማኅተም በላይ ነበር። እሱም ይኼን ያውቃል፤ ይኮራበታል። በሌላ ነገር የማይኮራ ሰው ነበር።

ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሲሆነኝ ወደ አቦቦ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አንዲት መንደር ውስጥ ወፍጮ ያለው ጋሽ ሰይድ መጣ። የወሎ ሰው ነው፤ ጨዋታ አዋቂ፣ ንግዱን ከባዶ የጀመረ። የወፍጮው ሻፍት ተበልቷል። የሦስት መንደር በቆሎ የሚፈጨው እሱ ጋ ስለነበር ሴቶቹ ጆንያ ተሸክመው እየመጡ ይመለሳሉ። ለዚያ ውፍረት የሚሆን ብረት ግቢያችን ውስጥ አንድ ቁራጭ ብቻ ቀርቶ ነበር። ሌላ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሳምንታት ነው።

ሥራውን በጀመርን በማግስቱ የጋሽ ኡጁሉ አክስት ማረፏ ተሰማ። ለቅሶ ሊሄድ ሲነሳ ጠራኝ።

«ላጠው። ግን ትንሽ አስተርፍ። የመጨረሻውን ጠዋት መጥቼ፣ በርዶ፣ አብረን እንለካለን።»

እሺ አልኩት። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ የእኔ የቋሚነት ጉዳይ ይታይ ነበር። ለማጅ ሆኖ መቅረትም፣ ቋሚ መሆንም የሚወሰነው በእሱ ቃል ነው። ብቻዬን ጨርሼ ባሳየው ምን ይላል ብዬ አሰብኩ። አባቴንም አሰብኩ። ከሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ በበረታበት ሰዓት፣ ትንሽ አስተርፍ የተባልኩትን ላጥሁት። ላብ ዓይኔ ውስጥ እየገባ ለካሁት። ልክ ነው፤ ከመስመሩ ላይ ነው። እጄን አጨብጭቤ ብቻዬን ሳቅሁ። ያን ጊዜ ደስ ያለኝን ያህል በሕይወቴ ጥቂት ጊዜ ነው ደስ ያለኝ፤ እሱን ሳስታውስ አፍራለሁ።

በነጋታው ጎህ ሲቀድ መጥቼ ለካሁት። ሦስት መቶኛ ሚሊ ሜትር አንሷል። የሰው ፀጉር ውፍረት ግማሹ እንኳ አይሆንም። ኩሽኔታው ግን በመዶሻ ቀስ እየተባለ መግባት ሲገባው፣ ቺንጋ በሚለብሰው ፑሌጃ በኩል ባለው ጫፍ በጣቴ ገፋ ሳደርገው ሰተት ብሎ ገባ። ቆሜ አየሁት። ብረቱ አንድ ነው፤ ሌላ የለም። ጋሽ ኡጁሉ ሁለት ሰዓት ላይ ይደርሳል።

ያደረግሁትን ሞያው ውስጥ ያለ ሰው ያውቀዋል፤ አንዳንዱም አድርጎታል። ነጥብ መምቻውን አነሳሁና ኩሽኔታው የሚቀመጥበትን ዙሪያውን በመዶሻ ነጥብ ነጥብ እያደረግሁ መታሁት። እያንዳንዱ ነጥብ ዳር ዳሩን ብረቱን ትንሽ ያስነሳዋል። ኩሽኔታው አሁን ሲገባ ይጠብቃል። ያጠበቀው ግን የሻፍቱ ሰውነት አይደለም፤ እንደ አሸዋ ጥቃቅን የሆኑ ጉብታዎች ናቸው። ኩሽኔታውን በመዶሻ አስገባሁት፤ ጠበቀ። ነጥቦቹ ከሥሩ ተሸፈኑ።

ጋሽ ኡጁሉ ሲመጣ ፊቱ በለቅሶ ዝሏል። ተገጣጥሞ ሲያየው ቆም አለ።

«ጨረስከው?»

«ጨረስኩት።»

«በርዶ ለካኸው?»

«በርዶ ለካሁት» አልኩ። ውሸት አልነበረም፤ በርዶ ለክቼዋለሁ። ስንት እንዳገኘሁ ግን አልነገርኩትም።

እጁን ወደ ማይክሮሜትሩ ዘረጋ። ከዚያ እጁን መለሰና ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። «በል እንጫነው» አለኝ። የሠራሁትን ሳይለካ ያለፈው ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

ወፍጮ ቤቱ ደጅ ሴቶቹ በቆሏቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ገጠምነው፣ ቺንጋውን አለበስነው፣ ሞተሩ ተነሳ። ጋሽ ኡጁሉ ዘንጉን አሳርፎ ዓይኑን ጨፈነ። ከወትሮው ረዘም አድርጎ ሰማ። እኔ የምጸልየውን አላውቅም ነበር፤ ሰምቶ እንዲያስቆመው ነው ወይስ እንዳይሰማ።

«ደህና ነው» አለ።

ጋሽ ሰይድ እጁን ወደ ሰማይ አንስቶ አመሰገነና «ኡጁሉ ደህና ነው ካለ አለቀ» አለ። ያን ቀን ወፍጮው እስኪመሽ ሠራ።

በአራተኛው ቀን፣ ከምሳ በፊት፣ አንድ ሰው በብስክሌት መጣ። ነጥቦቹ ተበልተው ኩሽኔታው ሻፍቱ ላይ መንሸራተት ጀምሯል፤ ግሏል፤ ሻፍቱ ከዚያው ተሰብሮ ፑሌጃው ወጥቶ በረረ። ጋሽ ሰይድ ቺንጋውን ሊያስተካክል አጠገቡ ቆሞ ነበር። ሐኪሞች ቀኝ እጁን ከክርኑ በላይ ቆረጡት።

የተሰበረውን ሻፍት አምጥተው ጠረጴዛችን ላይ ጣሉት። ኩሽኔታው የተቀመጠበት ቦታ ተቃጥሎ፣ ተፍቆ፣ ጠቁሯል። የመታኋቸው ነጥቦች አንዳቸውም የሉም። ጋሽ ኡጁሉ በጨርቅ ጠረገው፤ ፀሐይ ላይ አወጣው፤ የሚለካ ነገር ባይኖረውም እርጥብ ጆንያ ውስጥ አሳድሮ በማግስቱ ለካው። እጄን ኪሴ ከትቼ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ሻፍቱን አስቀመጠና ዘንጉን አነሳ።

«ሰምቼው ነበር እኮ» አለ። ለእኔ አልነበረም የሚናገረው። «ምንም ድምፅ የለውም ነበር። እንዴት ሳልሰማው ቀረሁ?»

የሰማው ሁሉ ልክ ነበር። ነጥቦቹ ገና ሳይበሉ በመጀመሪያው ቀን የሚሰማ ነገር አልነበረም። ይኼን የማውቀው በዓለም ላይ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሦስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ተቀመጠ። ሻፍቱን ማን ሠራው ብለው ጠየቁ። ጋሽ ኡጁሉ «ከኔ ማሽን የወጣ የኔ ነው» አለ። «ሰማሁት፣ ደህና ነው አልኩ። ጆሮዬ ነው። ጆሮዬ ከዳኝ።» አፌን ከፈትኩ። «እኔ...» ስል ሰብሳቢው «አንተ ለማጅ ነህ፣ ሲጠይቁህ ትናገራለህ» አለኝ። አልጠየቁኝም። ያችን ንግግር እንደ መከለያ ይዣት ስንት ዓመት ኖርኩ።

ጋሽ ኡጁሉን አላባረሩትም። ራሱ ነው የለቀቀው። የለቀቀ ዕለት እንስራውን ከነውሃው ትቶልኝ፣ ዘንጉን በእጄ አስያዘኝ።

«የእኔ ጆሮ አሮጌ ነው፤ ያንተ አዲስ ነው» አለኝ።

አርባ ዓመት እንኳ በቅጡ ያልሞላው ሰው ነበር። በዚያው ሳምንት የቋሚነት ደብዳቤዬ ደረሰ። አባቴ ደስ ብሎት ሸሚዝ ገዛልኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው የማንም ሠራተኛ ታሪክ ነው። ለጥቂት ዓመታት ወደ አልዌሮ ግድብ አካባቢ፣ ወደ እርሻው ጥገና ክፍል ተመደብኩ። የሩዝ ማሳ ፓምፖች፣ የትራክተር አክስሎች፣ ጭቃ። አንዱ አለቃዬ ደግ ነበር፤ አንዱ ሪፖርት እንጂ ብረት ማየት አይወድም። ወደ አቦቦ ስመላለስ መኪናው በዚያ ወፍጮ ቤት ፊት ያልፋል። ጋሽ ኡጁሉ እዚያ መሥራት መጀመሩን የሰማሁት ከሹፌሩ ነው። ጋሽ ሰይድ አንድ እጅ ስለቀረው ቺንጋ መወጠርና ጆንያ ማንሳት አልቻለም፤ ጋሽ ኡጁሉ ሄዶ «እጅህ እኔ ነኝ» አለው አሉ። ደሞዝ አልጠየቀም። ጋሽ ሰይድ ግን ከሚፈጨው ያካፍለው ነበር።

አንድ ቀን ወረድኩ። ወፍጮው እየጮኸ ነበር። ጋሽ ኡጁሉ ቅንድቡ ድረስ ዱቄት ለብሶ ቺንጋው ሥር ቆሟል። ሲያየኝ ጥርሱ ታየ።

«ደምሴ! ዘንጉስ?»

«አለ። እሠራበታለሁ።»

«ምን?»

«አለ!» ብዬ ጮኽኩ።

ራሱን ነቀነቀ። የዚያን ዕለት ልነግረው ነበር የወረድኩት። ይኼ ጩኸት ባለበት እንዴት ይነገራል፣ ሌላ ቀን እመጣለሁ ብዬ መኪናው ውስጥ ገባሁ። ሌላ ቀን አልመጣሁም። በዚያ መንገድ ሳልፍ ከዚያ ወዲህ ፊቴን ወደ ሌላው መስኮት ነበር የማዞረው።

ወደ ከተማ ተመልሼ ጋሽ ኡጁሉ የቆመበት ቶርኖ ላይ ቆምኩ፤ በኋላም የክፍሉ ኃላፊ ሆንኩ። ብዙ ለማጆች አስተምሬያለሁ። ብረት ሳይበርድ የለካ ለማጅ ላይ እንደምጮኸው በሌላ ጥፋት አልጮኽም። ነጥብ መምቻ ሻፍት ላይ ያሳረፈ አንዱን ደግሞ ከክፍሌ አስወጥቼዋለሁ። ክፉ ሰው ነው ተባልኩ። ለምን እንደሆነ ሊጠይቀኝ የደፈረ የለም። አሁን ሞያው ራሱ እየሄደ ነው። ሻፍቱ ቢበላ ከመሐል ከተማ ሱቅ አዲሱን በካርቶን ገዝተው ይመጣሉ። እንስራውም ከተሰበረ ቆይቷል፤ የጋሽ ኡጁሉ ሚስት ስለሞተች የሚሠራ አልነበረም።

ርክክቡ ባለቀ በሁለተኛው ቅዳሜ ዘንጉን ይዤ ወደ ባሮ ዳር ወረድኩ። ጋሽ ኡጁሉ ካረጀ በኋላ ልጁ አሪየት እሷ ቤት አምጥታው ነበር። አሪየት ጀዊ በሚባለው የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ትሠራለች፤ ቅዳሜ እቤት ትውላለች። በሩን ከፍታልኝ ዘንጉን ስታይ ፈገግ አለች።

«የአባባ ዱላ አይደል? ሁሌ ያወራልናል።»

እሱ ጥላ ሥር ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሲያየኝ እጄን በሁለት እጁ ያዘ። እጁ አሁንም ቋጥኝ ነው። «ደምሴ» አለኝ፤ ድምፁ ከሚገባው በላይ ትልቅ ነበር። ጤንነቱን ጠየቅሁት። ፈገግ ብሎ አየኝ፤ አልመለሰም።

«አይሰማም ጋሽ ደምሴ» አለችኝ አሪየት። «ግራ ጆሮው ሥር ተጠግቼ ስጮኽለት ትንሽ ይሰማል፤ ያውም የኔን ድምፅ ስለለመደ ነው። እኛ ጋ ያለ ሐኪም አይቶት ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ ወፍጮ አጠገብ ቆሞ፣ ጩኸቱ ነው የጨረሰው አለን።»

ወንበር ሰጠችኝ። ተቀመጥኩ እንጂ መቀመጤን አላወቅሁም። ያን ጊዜ፣ ኮሚቴው ፊት፣ ጆሮው አልከዳውም ነበር። እኔ ዝም ስላልኩ የከዳው መሰለው፤ የከዳው ስለመሰለው ወፍጮው ሥር ሄዶ ቆመ፤ እዚያ ቆሞ ጆሮው በእውነት ጠፋ። የጋሽ ሰይድን እጅ በአንድ ቀን ነው ያጠፋሁት። የእሱን ጆሮ ግን በየቀኑ፣ ዝም ባልኩ ቁጥር።

ብቻውን ሳገኘው እነግረዋለሁ ብዬ ነበር የመጣሁት። አሁን ብቻውን የሚባል ነገር የለም። ልነግረው የምችለው በልጁ አፍ ነው።

ለአሪየት ሁሉንም ነገርኳት፤ ከሰዓት በኋላ የለካሁትን፣ ነጥቦቹን፣ «በርዶ ለካሁት» ያልኩትን። ስናገር እሷን ማየት አልቻልኩም፤ የዘንጉን ጫፍ ነበር የማየው።

«እናቴ» አለች ስጨርስ፣ «አባትሽ ሽማግሌ ሳይሆን ለምን ራሱን ሽማግሌ አደረገ እያለች ነው የሞተችው። በወፍጮ ቤት ደጅ ስናልፍ አባባ እኔን ያስቆመኝ ነበር። ‹ይኼ ድምፅ ላንቺ ደህና ነው?› ይለኛል። ልጅ ነበርኩ፤ ምን አውቃለሁ? ደህና ነው ስለው አያምነኝም።»

«ካልፈለግሽ አትንገሪው» አልኳት። ፈሪነቴ እስከዚያች ደቂቃ አብሮኝ ነበር።

ቀና ብላ አየችኝ። «እነግረዋለሁ» አለች። «እውነቱ የሱ ነው።»

ተንበርክካ አፏን ግራ ጆሮው ሥር አስጠጋችና በአኙዋክኛ፣ ቀስ እያለች፣ ጮክ ብላ ትነግረው ጀመር። አኙዋክኛዬ ከገበያ አያልፍም። ስሜን ሰማሁ። የሰይድን ስም ሰማሁ። አንድ ቦታ ላይ እጁን አንስቶ አስቆማትና አስደገማት። የጎረቤት ሰዎች ጩኸቷን ሰምተው ከአጥሩ ማዶ ወጥተው አዩን። እሷ አላቋረጠችም። ስትጨርስ ተነስታ ከወንበሩ ጀርባ ቆመች።

ጋሽ ኡጁሉ ወደ እኔ ዞረ። ይጮኽብኛል ብዬ ነበር፤ ይጮኽብኝ ብዬም ተመኝቼ ነበር።

«ያን ቀን» አለኝ በዚያ ትልቅ ድምፁ፣ «ጆሮዬ ልክ ነበር?»

ራሴን ነቀነቅሁ። እንዲያየው ብዬ ደግሜ ነቀነቅሁ።

ዘንጉን ከጉልበቴ ላይ ወሰደ። የለሰለሰውን ጫፍ በአውራ ጣቱ ዳበሰው። ዓይኑ ሞላ፤ አልጠረገውም።

«ይኼን ጆሮ እያለኝ ብትነግረኝ ምን ነበር ደምሴ?» አለኝ።

ብመልስም አይሰማኝም። አሪየት ውሃ አመጣችልን፤ ጠጣሁ። ልሄድ ስነሳ እጄን ያዝ አድርጎ አስቀረኝ።

«ሰይድ ጋ ሂድ» አለኝ። «እሱ አሁንም እዚያው ነው። ሰይድ ይሰማል።»

በማግስቱ ጠዋት ወደ አቦቦ በምትሄደው ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ዘንጉ ጋሽ ኡጁሉ ጋ ቀረ።